«ነቅለናል» ያለው ልጅ

ባለፈው ጥቅምት፣ ቅዳሜ ቀን ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ኮልፌ ውስጥ በአንድ የኪራይ ግቢ መብራት ጠፋ። በዚያ ሰዓት ከግቢው ቤቶች በአንዱ ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር የተገናኘ አንድ የጌም ማሽን አፕዴት እያደረገ ነበር። አፕዴቱ መሃል ላይ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ጌሙ አልነሳም አለ።

ጌሙ ፊት ተቀምጦ የነበረው ልጅ ብሩኬ ይባላል። ዕድሜው ዐሥራ አንድ ነው። የሚኖረው ከእናቱ ከወይዘሮ አልማዜ ጋር ነው። ወይዘሮ አልማዜ ኮልፌ ገበያ ውስጥ ቅቤ ይሸጣሉ። ጌሙ የብሩኬ አልነበረም፤ የአጎቱ የደግፌ ነበር። ደግፌ ለሥራ ወደ ጅማ ሲሄድ ጌሙን በአደራ ሰጠው። መጫወት ትችላለህ፣ እኔ ሳልመጣ ግን አፕዴት እንዳታደርገው ብሎ አስጠንቅቆታል። ደግፌ ለዓመታት የተጫወተው ሁሉ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል።

ልጆች፣ የሆነውን ከመናገሬ በፊት የግቢውን ሕግ ማወቅ አለባችሁ። ያለዚያ ታሪኩ አይገባችሁም።

በግቢው ውስጥ ብዙ ቤት አለ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሲመጣም ጉልበት የለውም። በፓምፕ ካልተገፋ በርሜል ውስጥ አይገባም። ፓምፑ ደግሞ ሲነሳ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። ፍሪጅና ቴሌቪዥን እንደተሰካ ፓምፕ ከተነሳ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ግቢው ይጨልማል። አንድ ጊዜማ ሽቦው ተቃጥሎ የጣሪያው ጠርዝ እስካሁን ጥቁር ነው።

ከዚያ ቃጠሎ በኋላ የግቢው ባለቤት ጋሽ ሰብስቤ ሕግ አወጡ። የፓምፑን ቁልፍ የያዘ ሰው ግቢው መሃል ቆሞ «ፓምፕ» ብሎ ይጣራል። እያንዳንዱ ቤት የተሰካውን ሁሉ ነቅሎ «ነቅለናል» ብሎ ይመልሳል። ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ሳይመልስ ፓምፕ አይነሳም። ቁልፍ የያዘው ቤት ለራሱ እንዳያደላ፣ በርሜሉን የሚሞላው ከሁሉም በኋላ ነው። ቁልፉ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል።

ያን ወር ቁልፉ ሌሊሴ ቤት ነበር። ሌሊሴ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ ዋጋነሽ ዘነበወርቅ ያለው ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ይሠራሉ። ወደ ግቢው ከገቡ ገና ጥቂት ጊዜያቸው ነው።

በዚያ ቅዳሜ ጋሽ ሰብስቤ፣ የብሩኬ እናትና ሌሎቹ የግቢው ትልልቅ ሰዎች ቀብር ሄደው ነበር። ሰው ያልቀረባቸው ቤቶች የተሰካው ሁሉ ተነቅሎ ተቆልፈዋል። ወይዘሮ ዋጋነሽ ሥራ ላይ ነበሩ። ግቢው ውስጥ የቀሩት ብሩኬና ሌሊሴ ብቻ ናቸው።

ብሩኬ ጌሙን ሲከፍት ስክሪኑ ላይ አዲስ አፕዴት መጥቷል የሚል ጽሑፍ አየ። የክፍል ጓደኞቹ በአፕዴቱ የዘንድሮ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ይገባሉ ብለውታል። አጎቱ ያለውን አስታወሰ። አስታውሶም «እሺ» የሚለውን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ መስመር ወጣና ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። ከሥሩ ማሽኑን አታጥፉ ይላል።

መስመሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ከውጭ የሌሊሴ ድምፅ መጣ።

«ፓምፕ።»

«ትንሽ ቆይ» አለ ብሩኬ።

ሌሊሴ ቆየች። ከዚያ ደግማ ተጣራች።

«ብሩኬ፣ ውሃው እኮ መጥቷል። ምን እያደረግክ ነው?»

«አንድ ደቂቃ አልኩሽ።»

የጌም አንድ ደቂቃ ስንት እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። ሌሊሴ አሁንም ቆየች። ሰማያዊው መስመር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ጌሙ፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ነው የተሰኩት፤ አንዱን ለይቶ ለመንቀል እንኳ ማከፋፈያውን ከፍሪጁ ጀርባ መሳብ ያስፈልጋል። ብሩኬ ዛሬ ብሬከሩ ላይወድቅ ይችላል ብሎ አሰበ። ሌሊሴ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጣራ ከወንበሩ ሳይነሳ መለሰ።

«ነቅለናል።»

ሌሊሴ ቃሉን ሰማች። ቁልፉን አዞረች። ፓምፑ አንድ ጊዜ አጓራና ዝም አለ። ብሬከሩ ወደቀ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ሰማያዊው መስመርም አብሮ ጠፋ።

ከአጥሩ ውጭ ጋሽ ሽኩር የሚባሉ ብረት በያጅ ወርክሾፕ አላቸው። ሌሊሴ ሮጣ ጠራቻቸው። የወርክሾፑ መብራት በሌላ ቆጣሪ ስለሆነ፣ ከብየዳው ጫጫታ የተነሳም ሌላ ድምፅ ስለማይሰማ፣ ግቢው ውስጥ የተባለውን አንዱንም አልሰሙም። መጥተው ቆጣሪውን አዩ። አንድ ሽቦ ትንሽ ተለብልቧል አሉ። አስተካክለው ብሬከሩን መለሱት። ብሩኬ በዚህ መሃል ማከፋፈያውን ነቅሎ ነበር። ሌሊሴም ፓምፑን አስነስታ የውሃውን ጎማ በየደጁ ካለ በርሜል ወደ በርሜል መጎተት ጀመረች።

ፓምፑ ከቆመ በኋላ ብሩኬ ጌሙን መልሶ ሰካ። ከፈተው። ነጭ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፤ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ። አጥፍቶ ጠበቀ። ገመዱን አውጥቶ እፍ እፍ ብሎ መለሰው። በሌላ ሶኬት ሞከረው። ለውጥ የለም። እጁ ማላብ ጀመረ። ያሰበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጎቱ በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ይመጣል።

ማታ ትልልቆቹ ተመለሱ። ጋሽ ሽኩር ስለ ሽቦው ነገሯቸው። ጋሽ ሰብስቤ የጠቆረውን የጣሪያ ጠርዝ ቀና ብለው አዩና ሁለቱንም ልጆች ግቢው መሃል አስጠሩ። ተከራዮቹ በየደጃቸው ቆመዋል።

ሌሊሴ የሆነውን በአጭሩ ተናገረች። «ጠርቻለሁ። ነቅለናል ብሎኛል።»

ሁሉም ወደ ብሩኬ ዞሩ። ብሩኬ እናቱን አየ። እውነቱን ቢናገር አፕዴቱንም መናገር ሊኖርበት ነው።

«አልጠራችም» አለ። «እየተጫወትኩ ነበር፣ ድንገት ጠፋ። ብትጠራ ኖሮ የአጎቴን ጌም እንደተሰካ እተወዋለሁ?»

ጥያቄው ለሰሚ እውነት ይመስላል። የራሱን አደራ የሚያቃጥል ልጅ ማን አይቷል? ጋሽ ሰብስቤ ክፉ ሰው አይደሉም። ቃጠሎ ግን ይፈራሉ። ቁልፉን ከሌሊሴ እጅ ተቀበሉ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ከሥራ ሲመለሱ ደግሞ በዝግታ ነገሯቸው፤ ሳይጣራ ፓምፕ የሚያስነሳ ቤት ሌላውን ሁሉ ያቃጥላል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ልጃቸውን በር ላይ አቁመው አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቋት።

«እውነት ጠርተሻል?»

«ጠርቻለሁ እማ።»

«በቃ» አሉ። በማግስቱ ሳንሱሲ አካባቢ ቤት እንዲያፈላልጉላቸው ለዘመድ ደወሉ። ከሳንሱሲ ሆስፒታሉ ድረስ ታክሲ ቀያይሮ መሄድ ነው። ሌሊሴም ትምህርት ቤት መቀየሯ ነው።

ልጆች፣ ብሩኬ ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፈው ልንገራችሁ። ሰው ዋሽቶ ሲያመልጥ የሚደሰት ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ብሩኬ የበሩ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አጎቱ የመጣ ይመስለው ነበር። የእናቱ ስልክ ሲጮህ ሮጦ ማን እንደደወለ ያያል። ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ስሙን ስትጠራ ሳያስበው «አልጠራችም» ሊል ምንም አልቀረውም። ከትምህርት ሲመለስ ሌሊሴን መንገድ ላይ ያገኛታል። ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከግቢው ትወጣለች፣ አታየውም። በሌላ ቀን ደግሞ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ስትገባ ያገኛታል። እኔን ላለማየት ነው በዚህ ሰዓት የምትወጣው ብሎ አሰበ። ጀሪካኑን ልብ አላለውም።

ረቡዕ ዕለት ጌሙን በደብተር ቦርሳው ከትቶ አጠና ተራ ወዳለ ጌም ቤት ሄደ። ጌም ቤቱን የሚይዘው ጉልላት የሚባል ወጣት ነው። ጉልላት ጌሙን ከስክሪን ጋር አገናኘው። ማስነሻውን ተጭኖ ሳይለቅ ቆየ። ጌሙ አንድ ጊዜ ጢጥ አለ። አሁንም አልለቀቀም። ድጋሚ ጢጥ ሲል ለቀቀው። ስክሪኑ ላይ የምርጫዎች ዝርዝር ወጣ። ብሩኬ ከቅዳሜ ወዲህ ስክሪኑ ሲበራ ያየው ያኔ ነው።

«ምን እያደረገ ነው የጠፋው?» አለ ጉልላት።

«እየተጫወትኩ።»

«አፕዴት ላይ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ጉልላት ጭንቅላቱን አከከ። አፕዴት ካልሆነ ዲስኩ ተጎድቶ ይሆናል አለ። ቀላሎቹን መንገዶች አንድ በአንድ ሞከረ፤ ጌሙ እየተነሳ መልሶ ይጠፋል። የቀረው ውስጡ ያለውን በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው አለ። ሌላ ሥራ ስለነበረበት ዓርብ ከትምህርት በኋላ ና አለው። ብሩኬ አጥፍቶ የሚለውን ቃል ቤቱ ድረስ ይዞት ሄደ።

ዓርብ መጣ። ጉልላት ዝርዝሩን ዳግም አወጣ። ወደ መጨረሻዎቹ ምርጫዎች ወረደ። ጣቱን ጆይስቲኩ ላይ አድርጎ ወደ ብሩኬ ዞረ።

«ይህን ከተጫንኩ የአጎትህ ነገር ሁሉ ይሄዳል፣ መመለሻ የለውም። ስትጫወት ነው የጠፋው ያልከኝ?»

ብሩኬ ዓይኑን ከጆይስቲኩ ላይ አላነሳም።

«ስማ፣ እኔ አባትህ አይደለሁም፣ አልቆጣህም። ማሽኑም አይቆጣም። የሆነውን ካልነገርከኝ ግን የማላውቀውን በሽታ ነው የማክመው።»

«አፕዴት ላይ ነበር» አለ ብሩኬ። «ሊያልቅ ሲል ነው የጠፋው።»

ጉልላት ጣቱን ከጆይስቲኩ ላይ አነሳና ሳቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አልሰማህም እንዴ አለው። ዲስኩ ምንም አልሆነም፤ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ የቀረ አፕዴት ነው ጌሙን የሚጥለው። ከኮምፒውተሩ ላይ ሙሉውን የአፕዴት ፋይል አውርዶ በፍላሽ ገለበጠ። ፍላሹን ጌሙ ላይ ሰካ። ከዝርዝሩ ውስጥ ምንም የማያጠፋውን ምርጫ መረጠ። ሰማያዊው መስመር ተመልሶ መጣ። ብሩኬ መስመሩ እስኪሞላ የጌም ቤቱን አምፖል ነበር የሚያየው። መስመሩ ሞላ። ጌሙ ተነሳ። የደግፌ ስም፣ የደግፌ ቡድን፣ የደግፌ ዋንጫዎች፣ ሁሉም በቦታቸው ነበሩ።

ልጆች፣ ትልቁ ፈተና የመጣው አሁን ነው። ጌሙ ድኗል። አጎቱ ምንም አያውቅም። የሚጠይቀው ሰው የለም። ብሩኬ ወደ ቤቱ ሲሄድ እያፏጨ ነበር።

የግቢው በር ላይ ወይዘሮ ዋጋነሽ ጎንበስ ብለው ብርድ ልብስ ማዳበሪያ ውስጥ ይከታሉ። ቀና ሲሉ አዩት።

«ብሩክዬ፣ ጌምህ ዳነልህ?»

«አዎ» አለ።

«እሰይ። እግዚአብሔር ይመስገን። ከልጄ የተነሳ ተበላሸ ሲባል እኔም አልተኛሁም።»

ብሩኬ ፉጨቱን አቆመ። ወደ ቤት ገብቶ ጌሙን ቦታው አስቀመጠ። ያን ማታ ጌሙን አልከፈተም። እናቱ አመመህ ወይ ብለው ግንባሩን ዳሰሱ። ትኩሳት አልነበረውም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ውሃ መጣ። ቁልፉን የያዙት ጋሽ ሰብስቤ ናቸው። ግቢው መሃል ቆመው ተጣሩ።

«ፓምፕ።»

ከአንዱ ቤት «ነቅለናል» ተባለ። ከሌላውም «ነቅለናል»። ከሌሊሴ ቤት ወይዘሮ ዋጋነሽ መለሱ። የቀረው የብሩኬ ቤት ነው። ወይዘሮ አልማዜ ከጓዳ ሆነው ልጃቸውን ምን ትጠብቃለህ፣ መልስላቸው እንጂ አሉት። ገመዶቹን አውጥቶ ማከፋፈያውን ነቅሏል። እጁ ላይ ነው። ቃሉ ግን አልወጣ አለው።

«የአልማዜ ቤት» አሉ ጋሽ ሰብስቤ። «ሰው የለም?»

ብሩኬ ማከፋፈያውን እንደያዘ ወደ ግቢው ወጣ።

«ጋሼ፣ አሁን ነቅያለሁ» አለ። «ያን ቅዳሜ ግን አልነቀልኩም ነበር። ሌሊሴ ጠርታኛለች። ደጋግማ ጠርታኛለች። ሳልነቅል ነቅለናል ያልኩት እኔ ነኝ። ጌሙም አፕዴት ላይ ነበር።»

ወይዘሮ አልማዜ ከጓዳ ወጥተው ቆመዋል። ጋሽ ሰብስቤ ቁልፉን እጃቸው ላይ አገላበጡት። ከዚያ ወደ ሌሊሴ ቤት ሄደው ለልጅቷ ሰጧት። እናትየዋንም በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቁ፣ ቤቱ ቤታችሁ ነው አሏቸው። ብሩኬም ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ወይዘሮ ዋጋነሽ አነሱት። ማዳበሪያው ውስጥ የገባውን ብርድ ልብስ እንዲያወጣላቸውም አዘዙት።

ሌሊሴ ቁልፉን ይዛ ወደ ፓምፑ ሄደች። ከዚያ ቆመች።

«አሁን ነቅለሃል?» አለችው።

«እጄ ላይ አይታይሽም?»

«እስኪ ልየው» አለችና ገብታ ከፍሪጁ ጀርባ ድረስ አይታ ወጣች። ተከራዮቹ ሳቁ። ብሩኬም ትንሽ ሳቀ። ሳምንቱን ሙሉ አልሳቀም ነበር።

እሁድ ደግፌ ከጅማ መጣ። ብሩኬ ሳይጠየቅ ነገረው። ደግፌ አልጮኸበትም፤ ጌሙን አንሥቶ ወደ ራሱ ቤት ወሰደው። ትምህርት ሲዘጋ እናያለን አለ። ከባድ ነበር፤ ብሩኬ ግን ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ በሩ ሲንኳኳ ሮጦ ይከፍታል።

እንግዲህ ልጆች፣ ትምህርቱ ይህ ነው፤ በሐሰት የተናገርነው ቃል ከእኛ አልፎ ባልንጀራችንን ቤት ሊያሳጣ ይችላልና፣ ስንሳሳት ሰው ሳይጎዳ ቶሎ እውነቱን እንናገር።

አንድ ነገር ቀርቷል። ይህን ብሩኬ የነገረኝ ቆይቶ ነው።

እውነቱን በተናገረበት ቅዳሜ እናቱ ጎማውን ለሌሊሴ እንዲይዝላት አዘዙት። የሁሉንም ቤት በርሜል ሞሉ። በመጨረሻ የሌሊሴ ቤት ደረሰ። ብሩኬ ጎማውን ሊያስገባ ክዳኑን ሲያነሳ በርሜሉ እስከ ታች ድረስ ደረቅ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ውሃ አልነካውም። ለምን ብሎ ጠየቃት።

«ያን ቅዳሜ እኛ ጋ ሳይደርስ ሄደ» አለችው።

ውሃው እነሱ ጋ ሳይደርስ የሄደው ሌሊሴ የብሩኬን አንድ ደቂቃ ስትጠብቅ ሰዓቱ ስላለፈ ነው። መብራቱ ሲመለስ የእሱን ቤት በርሜል እስከ አፉ ሞልታለች፤ የራሷ ሳይሞላ ቀርቷል። ቢጫውን ጀሪካን የምትሸከመው ለዚህ ነበር። ብሩኬ በዚያ ማታ ግቢው መሃል ሲጠሩት፣ ከመውጣቱ በፊት ላብ ያለበትን እጁን ታጥቧል። «አልጠራችም» ያለው ሌሊሴ በቀዳችለት ውሃ ታጥቦ ነው።